ስለ ኮሌስትሮልና ስለ ኪኒኑ፦ በወርኃዊ ስብሰባችን የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ከመዋጮ ሳጥናችን ስለሚከፈለው የሕክምና ድጋፍ ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ሳይቋጭ አድሯል። ደንባችን ድጋፍ የሚሰጠው ሆስፒታል ለተኛች፣ ኦፕራሲዮን ለሆነች፣ ለወለደች ነው። በየወሩ ኪኒን የምትገዛዋስ? ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብዙ ሳንከራከር ተስማማን። ኮሌስትሮል ላይ ስንደርስ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «የሀብታም በሽታ ነው» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ሰው የሚያሳምመው ኪኒኑ ራሱ ነው» አልን። በመጨረሻ የሒሳብ ክፍሉ አጥንቶ ያቅርብ ተባለ። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የማንንም መድኃኒት አንጀምርም፣ አናስቆምም። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚገዛ ማወቅ ግን ሥራችን ነውና ያገኘነውን እነሆ።

ኮሌስትሮል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ልብ ላይ የተከመረ ሞራ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ የተጠቀለለበት ስስ ግድግዳ ያለ ኮሌስትሮል አይቆምም። ስብ የሚፈጭልን ሐሞት የሚሠራው ከእሱ ነው። ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ከዚሁ ዘር ነው። የወር አበባችንን የሚያስኬዱት፣ ፅንስ የሚይዙት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖችም መነሻቸው ኮሌስትሮል ነው። አእምሯችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ በሰውነታችን ካለው ኮሌስትሮል አንድ አምስተኛ ያህሉን የያዘው እሱ ነው። ስለዚህ «ኮሌስትሮል አለብሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ደም አለሽ ወይ?» እንደማለት ነው። የሌለባት የለችም። ጥያቄው ስንት ነው፣ የትስ ነው ያለው የሚለው ነው።

ስብ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፣ ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው በፕሮቲን ተጠቅልሎ፣ ተጭኖ ነው። ወረቀታችን ላይ ኤልዲኤል እና ኤችዲኤል ተብለው የሚጻፉት የጫኞቹ ስሞች ናቸው። ኮሌስትሮሉ አንድ ነው፤ የሚለያየው ጫኙ ነው። ኤልዲኤል ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይቀራል፤ በዓመታት ውስጥ ይከማቻል፣ ይቆስላል፤ አንድ ቀን ቁስሉ ሲፈነዳ ደም እዚያው ይረጋል። ልብ ላይ ከሆነ የልብ ድካም እንላለን፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ። እስከዚያ ቀን ድረስ አያምም፣ አያሳክክም፣ እንቅልፍ አይነሳም። ደንባችን «የታመመች» ሲል የተቸገርነውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ ይህ ነገር ታምማ የማትተኛን ሴት የሚመለከት ነው።

«የሀብታም በሽታ» ወደሚለው እንምጣ። ከኮሌስትሮላችን አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ ከምግብ የሚመጣው አነስተኛው ነው። ከ250 እስከ 300 ሰው አንዱ ያህል ደግሞ ኤልዲኤልን በደንብ የማያነሳ አፈጣጠር ከወላጅ ወርሶ ይወለዳል፤ ቀጭንም ሆነ ጿሚ፣ ድሃም ሆነ ሀብታም ከልጅነቱ ጀምሮ ከፍ ይልበታል። አባቷ ወይም ወንድሟ በ40ዎቹ ዕድሜ በልብ በሽታ ድንገት ያረፈ እህት ካለች፣ ቀጭን ነኝ ብላ አትቀመጥ፤ ትመርመር፣ ልጆቿንም ታስመርምር።

ለእኛ ለሴቶች ብቻ የሚሆኑ ጉዳዮችም አሉ። በእርግዝና ጊዜ ኮሌስትሮል በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ በዚያ ወቅት የወጣ ቁጥር ሊያስደነግጠን አይገባም። የወር አበባ ሲቆም ደግሞ ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ ኤልዲኤል ይጨምራል። «ምግቤን አልቀየርኩም፣ ምን ነካኝ?» የሚሉን የ50 ዓመት እናቶቻችን መልሱ ይኸው ነው። ሦስተኛው እንቅርት ነው። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲዳከም ኮሌስትሮል ይወጣል፤ ይህ ችግር ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። የሚደክማት፣ ብርድ የማይለቃት፣ ፀጉሯ የሚነቃቀል ሴት ኮሌስትሮሏም ከፍ ካለ የእንቅርት ምርመራ ይታዘዝልኝ ብትል መብቷ ነው። ምናልባት የሚያስፈልጋት ሌላ ኪኒን ይሆናል።

ስለ ምግብ ብዙ ክርክር ስለነበረ ትንሽ እንቆይበት። ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ብቻ ነው። ስለዚህ በጾም ኮሌስትሮል አንበላም፤ ይህ እውነት ነው። ጉበታችን ብዙ ኤልዲኤል ደም ውስጥ እንዲተው የሚያደርገው ግን በምግብ ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ይልቅ በብርድ የሚረጋው፣ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው። ቅቤ ከግማሽ በላይ እሱ ነው። የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ እሱ ነው! ሱቅ ውስጥ በጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ የሚለጠፈው ጽሑፍ ውሸት አይደለም፣ ግን ያሞኛል። ከተክል የወጣ ዘይት ሁሉ ከኮሌስትሮል ነፃ ነው፤ ይህን መጻፍ ውሃን «ከአጥንት ነፃ» ብሎ እንደመሸጥ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጾመን፣ በየቀኑ በፓልም ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ፓስቲ ብንበላ ቁጥሩ ባይወርድ አይግረመን። ዘይቱ ጠዋት በብርድ ከነጣና ከረጋ ምን እንደሆነ ያለ ላቦራቶሪ ይታወቃል። የኑግና የሱፍ ዘይት እንደዚያ አይረጉም። ዋጋቸው እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቢያንስ መጠኑን መቀነስ በእጃችን ነው።

የሚያግዙ ምግቦችም ከጓዳችን አይርቁም። ገብስና አጃ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ሐሞትን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣል፤ ጉበት ያንን ለመተካት ኮሌስትሮል ከደም ይወስዳል። በሶ፣ የገብስ ገንፎ፣ ቆሎ፣ ከዚያም ምስርና ሽምብራ። በባዶ ሆድ የሚጠጣው ሙቅ ውሃ በሎሚ ግን የደም ሥር አያጥብም፤ ከጠጣነው ውስጥ የደም ሥር ግድግዳ የሚደርስና ስብ የሚፍቅ ነገር የለም። ደስ ካላችሁ ጠጡት፣ ኪኒን ተክቶ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በሀገራችን ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። አንዲት አባላችን ፈቅዳልን ባሳየችን ወረቀት ላይ ጠቅላላ 228፣ ኤችዲኤል 52፣ ትራይግሊሰራይድ 160 ይላል። ኤልዲኤሉ ብዙ ጊዜ ለብቻው አይለካም፣ ይሰላል፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን፣ ከዚያም የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛ መቀነስ ነው። 160 ለ5 ሲካፈል 32፤ 228 ሲቀነስ 52 ሲቀነስ 32 እኩል ይሆናል 144። ወረቀቷም 144 ይላል፤ ሒሳቡ ተመሳክሯል። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን «የእኔ 5.2 ነው» ሲሉም አትደናገጡ፣ አትቅኑም፤ መለኪያቸው ሌላ ነው፤ በ38.7 ስታባዙት ወደ 200 ይመጣል።

144 ብዙ ነው ወይ? ሐኪም ይህን ብቻውን አያይም። ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ከዚህ በፊት የልብ ድካም ወይም ስትሮክ መኖሩ አብረው ይደመራሉ። ሌላ ምንም ችግር የሌለባት የ35 ዓመት ሴት በ144 ምግቧን አስተካክላ፣ በእግሯ ሄዳ ልትጠብቅ ትችላለች። ስኳር ያለባት የ58 ዓመት እናት በዚያው 144 ኪኒን ይታዘዝላታል። ስለዚህ «ለእሷ ያልሰጡትን ለእኔ ለምን ሰጡኝ» ማለት አያስኬድም።

ኪኒኑ ስታቲን ይባላል፤ ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያውን ያገኙት ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ናቸው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሺህ ፈንገሶችን ሲፈትሹ ቆይተው፣ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ አወጡት። በአሜሪካ ለሽያጭ የመጀመሪያው ፈቃድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1987 ለሎቫስታቲን ነው። አሠራሩ ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች ግልጽ ነው። ኪኒኑ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ያጠብበታል፤ ጉበት ሲጎድለው ደም ውስጥ ያለውን እንደ ተሰብሳቢ ሒሳብ መሰብሰብ ይጀምራል፤ ኤልዲኤል ይወርዳል። ኪኒኑ ሲቆም ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፣ ቁጥሩም በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። «ወረደልኝና ተውኩት» የምንል ሰዎች ያወረደውን ነው የተውነው።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ይገዛል? እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን የስካንዲኔቪያን ጥናት እንውሰድ። 4,444 የልብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ የማይሠራ ኪኒን ወሰዱ። ከ5 ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው በኋላ ኪኒኑን ካልወሰዱት 2,223 ሰዎች 256 ሞቱ፤ ከወሰዱት 2,221 ደግሞ 182። ጋዜጣ ይህን «ሞትን በ30 በመቶ ቀነሰ» ይለዋል። እኛ ስናሰላው ከመቶ 3 ከምናምን ሰው ነው፤ ማለት 30 ሰው ለ5 ዓመት ሲውጥ አንድ ሰው በሕይወት ይተርፋል። ሁለቱም አባባሎች ትክክል ናቸው፤ የትኛው እንደተነገረን ግን ማወቅ አለብን። ወጪውን የሸፈነው መድኃኒቱን የሚሸጠው ኩባንያ መሆኑም ይመዝገብ፤ ሆኖም ሞትን መቁጠር ለማድላት አይመችም፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ትልልቅ ጥናቶችም ወደዚያው አቅጣጫ ነው የጠቆሙት። ከሁሉም ውስጥ ሴቶች 827 ብቻ መሆናቸው ቅር አሰኝቶናል። ልቧ ታሞ ለማያውቅ፣ ሌላ ችግር ለሌለባት ሴት ደግሞ ጥቅሙ ከዚህ በጣም ያንሳል።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ተረት አይደለም። የጡንቻ ሕመም የሚሰማቸው አሉ፤ ለስኳር በተጠጉ ሰዎች ላይ ስኳርን ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ብርቱ ሕመም መጥቶ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ይህ ግን እምብዛም አያጋጥምም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ፣ በሕመሙ ምክንያት ኪኒኑን ያቋረጡ 60 ሰዎች ሳያውቁ አንዱን ወር እውነተኛውን፣ ሌላውን ወር የማይሠራውን፣ ሌላውን ምንም ሳይወስዱ እንዲያሳልፉ ተደርጎ ነበር። እውነተኛውን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው በማይሠራውም ኪኒን ተሰማቸው። ሕመማቸው ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ፍርሃትም ያማል። ስለዚህ ያመማት ሐኪሟን ታናግር፤ መጠኑ ይቀነሳል፣ ዓይነቱ ይቀየራል።

አንድ ነገር ላይ ግን አንደራደርም። ኪኒን መዋዋስ ይቁም። እርጉዝ የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ ሴት ስታቲን በጎረቤት ምክር ልትውጥ አይገባም፤ እየወሰደች ያረገዘችም ወዲያው ለሐኪሟ ትንገር። አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችና አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ከሲምቫስታቲን ጋር ሲገናኙ ጡንቻን ክፉኛ ይጎዳሉ። ማን ምን እንደምትወስድ እርስ በርሳችን ሁሉን አንነጋገርም፣ መነጋገርም ግዴታ አይደለም፤ ለዚህ ነው መዋዋሱ የሚያስፈራው።

እንግዲህ የሒሳብ ክፍሉ ሐሳብ ይህ ነው። የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ደርሶባት ለነበረች፣ እንዲሁም ስኳር ኖሮባት ሐኪም ስታቲን ላዘዘላት አባል፣ የወር ኪኒኗ እንደ ደም ግፊቱ ሁሉ ከሳጥኑ ግማሹ ይሸፈን። ለሌሎቻችን ሳጥኑ በዓመት አንድ ጊዜ የምርመራውን ዋጋ ይቻል። ደረሰኝና የሐኪም ማዘዣ ይቀርባል፤ ማዘዣውን የምታየው ገንዘብ ያዧ ብቻ ናት። ተቃውሞ ያላት አሁን ትናገር፤ እትዬ ሊቀመንበር እጅ ያስቆጥሩልን።