የከተማ መምሪያ መጽሐፍ ጥቅሙ በምን ይመዘናል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



መዝገበ ቃላት ወይም የታሪክ መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍታችን ስንመርጥ፣ የዘርፉ ሊቃውንት የሰጡትን አስተያየት አንብበን እንወስናለን። የከተማ መምሪያ መጽሐፍ ግን ጠባዩ የተለየ ነው። አንባቢው ገጹን ገልጦ መንገድ ይጀምራል፤ መጽሐፉ ተሳስቶ እንደሆነም ስሕተቱን የሚያውቀው ሻንጣውን ይዞ በማያውቀው ሠፈር ከቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ጥራትና በፎቶግራፎቹ ማማር ሊመዘን አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ግን እንደዚያ ነው።

በዚህ የመጽሐፍ ዓይነት ስሙ የገነነው ጀርመናዊው አሳታሚ ካርል ቤዴከር (እ.ኤ.አ. 1801–1859) የሚላኖን ካቴድራል ሲወጣ፣ በየሃያው ደረጃ አንዲት አተር ከሰደርያ ኪሱ ወደ ሱሪ ኪሱ እያሻገረ ይቆጥር ነበር ይባላል። ታሪኩ ተረት ሊሆን ይችላል፤ ዘዴው ግን ለእኛም ይበጃል። እርሱ ደረጃውን እንደ ቆጠረ፣ እኛም አንድ ደኅና አድርገን የምናውቀውን ሠፈር መርጠን መጽሐፉን በእግራችን እንፈትነው። በምናውቀው ሠፈር የሚያሳስት መጽሐፍ በማናውቀው ሊታመን አይችልም።

ስለ አዲስ አበባ የተጻፈ መምሪያ ቀርቦልናል እንበል። ካርታው «ሚያዝያ 27 አደባባይ» እና «የካቲት 12 አደባባይ» ብሎ ቢያበቃ ስሞቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን የታክሲው ረዳት የሚጣራው «አራት ኪሎ!» «ስድስት ኪሎ!» እያለ ስለሆነ፣ እንግዳው እውነተኛውን ስም በእጁ ይዞ ሳለ መንገድ ይጠፋዋል። በአንጻሩ የአፍ ስሙን ብቻ የሚሰጥ መጽሐፍ ደግሞ አንዱ ሐውልት የ1933 ዓ.ም.ን ድል፣ ሌላው የ1929 ዓ.ም.ን ሰማዕታት እንደሚያስታውስ ሳይነግረው እንግዳውን በአጠገባቸው ያሳልፈዋል። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያሰፈረ፣ በመጨረሻም በፊደል ተራ ደርድሮ ገጻቸውን የጠቆመ መጽሐፍ ያገኘ ቤተ መጻሕፍት አይለቀው።

የሰዓታችንንም ነገር ማየት ያስፈልጋል። «አውቶቡሱ በ12 ሰዓት ይነሣል» የሚል ዐረፍተ ነገር የማን አቈጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ፣ የውጭ አገር እንግዳ ማለዳ የሄደውን አውቶቡስ በእኩለ ቀን ሊሳፈር ይመጣል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ግን የኅትመቱ ዓመት ነው። መጽሐፉ የታተመበት ዓመት ሌላ፣ ጸሐፊው ከተማውን የዞረበት ዓመት ሌላ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ጀመረ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻው በከተማው ዳር በለቡ በኩል ሆነ፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በ2016 ዓ.ም. የካቲት ፒያሳ ላይ ተመረቀ። «በ2017 ዓ.ም. ታርሞ የታተመ» ተብሎ የድሬዳዋ መንገደኛን ዛሬም ለገሃር የሚልክ መጽሐፍ ቢገኝ፣ የታረመው ሽፋኑ ብቻ ነው። ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ ዋጋ አልናገርም፤ የማተሚያ ቤቱ ቀለም ሳይደርቅ የሚለወጥ ነገር ነውና።

ታዲያ ዘመኑ ያለፈበትን እትም ምን እናድርገው? ቦታ ስለሚያጣብብ ይወገድ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ችግራቸው ይገባኛል፤ የመደርደሪያ ጥበት ያልደረሰበት ከመካከላችን የለም። ቢሆንም በዚህ አልስማማም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ጋዜጦቻችን የመንግሥትን ጉባኤና የእንግዶችን አቀባበል መዝግበዋል፤ የትኛው ኬክ ቤት ከየትኛው ወርቅ ሠሪ ጐን እንደ ነበረ፣ የቱ ቁልቁለት ወዴት እንደሚያወጣ ግን ማን ጻፈው? የሠፈሩ ሰው ዕለት ዕለት የሚያየውን አይጽፍም፤ ለማን ብሎ ይጽፈዋል? የመምሪያው ጸሐፊ ግን ምንም ለማያውቅ እንግዳ ስለሚጽፍ፣ ነዋሪው ሊነገር የማይገባው አድርጎ የተወውን ሁሉ አስፍሮታል። ለመንገደኛው የሞተው እትም አያቱ የኖሩበትን መንደር ለሚፈልግ የከተማው ልጅ ገና መጠቀሚያው ነው። ከእርሱም አልፎ ስለ ከተማይቱ አሠራር ለሚያጠና መሐንዲስ ይጠቅማል።

ስለዚህ ሐሳቤ የሚከተለው ነው። አዲሱ እትም በማጣቀሻ ክፍል ይቀመጥ፤ አሮጌው ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ክፍል ይዛወርና፣ በጀርባው ላይ ጸሐፊው ከተማውን ያየበት ዓመት በጉልህ ይጻፍበት፤ አንባቢ ተሳስቶ ለመንገድ እንዳይወስደው። በኋላ ሽፋኑ ኪስ ውስጥ የሚገባው ተጣጣፊ ካርታ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ነውና፣ ለብቻው ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ይግባ፤ መጽሐፉ በተመለሰ ቁጥርም ኪሱ ተከፍቶ ይታይ።