መታጠብን ስለ መቀበል
(ለኵላሊት ሕሙማን የተነገረ የማጽናናት ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በጸሎተ ሐሙስ ማታ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ፥ ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ እንቢ ማለቱን ታውቃላችሁ። እንቢ ያለው ንቆ አይደለም፤ ጌታው ዝቅ ብሎ ሲያገለግለው ማየት ስለ ከበደው ነው እንጂ። ካልታጠበ ግን ከጌታው ጋር ዕድል እንደማይኖረው በተነገረው ጊዜ ፈቅዶ ታጠበ። ከዚህም ማገልገል ብቻ ሳይሆን መገልገልም ትሕትናን እንደሚጠይቅ እንማራለን።

ይህን ያነሣነው ኵላሊታቸው ሥራውን ስላቆመባቸው በመሣሪያ ስለሚታጠቡ ወገኖቻችን ለመናገር ነው። የኵላሊት እጥበት የሚባለው ሕክምና የሕመምተኛውን ደም በቱቦ አውጥቶ፥ በማጣሪያ አሳልፎ፥ ከቆሻሻውና ከተረፈው ውሃ ለይቶ ወደ ሰውነቱ የሚመልስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ይደረጋል፤ በየጊዜውም 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በጦርነት መካከል እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሠርቶ ማከም ሲጀምር ብዙዎች ሞቱበት፤ ነገር ግን ተስፋ ስላልቈረጠ በ1945 ዓ.ም. አንዲት የ67 ዓመት ሴት ዳነችለት። ይህን ጥበብና ይህን ትዕግሥት የሰጠ እግዚአብሔር ነው።

ሆኖም ደሙ ሲታጠብ ነፍሱ የምትደክምበት ሰው ብዙ ነው። ሥራውን ይተዋል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ ጥሙን እንኳ እንደ ልቡ አያረካም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ለልጆቼ ሸክም ሆንሁ የሚለው ሐሳብ ነው። እንቅልፍ አጥቶ፥ ከሰው ርቆ፥ ሞትን እስከ መመኘት የሚደርስም አለ። ይህን ኀዘን የእምነት ማነስ ነው ብለን አንፍረድበት። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ እንዲያርፍ ተወው፥ በመልአኩም እጅ እንጎቻና ውሃ ላከለት እንጂ። ስለዚህ ልቡ የጨለመበት ሕሙም ኀዘኑን ለነፍስ አባቱም ለሐኪሙም ይንገር። ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ ሁለቱንም ያውቃልና።

ከዚህ ጋር አንድ ብርቱ ነገር እናሳስባለን። በእምነት ስም እጥበቱን አቋርጦ ወደ ጠበል የሚሄድ ሕሙም አለ። ኵላሊቱ የቆመበት ሰው ብዙ ውሃ ቢጠጣ መውጫ ስለሌለው በሳንባው ይከማቻል፥ ልቡንም ያስጨንቃል፤ እጥበቱን ፈጽሞ ቢተውም ሕይወቱ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ ጠበሉን ይጠመቅ፥ ይረጭ፤ የሚጠጣውን ግን ሐኪሙ በወሰነለት ልክ ውስጥ ይቍጠረው። ስለ ጾምም ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ ቀንበር አትጭንምና፥ ከነፍስ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ባለቀሰ ጊዜ ጸሎቱ ተሰምቶ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ያንኑ የምሥራች ያመጣ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎት መድኃኒቱን አላስቀረውም፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን አልሻረውም።

እናንተ ሕሙማን ሆይ፤ እነዚያን 4 ሰዓታት የእስራት ሰዓታት አድርጋችሁ አትቍጠሯቸው። አቡነ ዘበሰማያትን በቀስታ ድገሙ፤ በአጠገባችሁ ላለው ሕሙምም ጸልዩ። ሲደክማችሁ ዝም ብትሉም እግዚአብሔር ዝምታችሁን ይሰማል። ልጆቻችሁ እጃቸውን ሲዘረጉላችሁም እንደ ጴጥሮስ በመጨረሻ እሺ በሉ፤ የእናንተ መታጠብ ለእነርሱ የበረከት ሥራ ነውና።

እናንተ ጤነኞች ደግሞ ሕሙሙን አመላልሱት፤ ለሕክምናው አዋጡ፤ በአጠገቡ ተቀመጡ። እምነትህ ቢበረታ ኖሮ በዳንህ ነበር በሚል ቃል ግን አታቍስሉት። ጌታ እርስ በርሳችን እንድንተጣጠብ ያዘዘን እንዲህ ባለው ቀን ነው።

የነፍስና የሥጋ መድኃኒት የሆነው አምላካችን ሕሙማንን ይማርልን፤ የሚያስታምሙትንም ያበርታልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።