ፊት ለፊት የሚናገሩት ሚኒስትርና የጨርጨር ከተሞች
(በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ጭሮ ከተማ ውስጥ የተደረገ ንግግር)

 

አዘጋጆቹ «ስለ አካባቢው አንድ ነገር በለን» ሲሉኝ ስለ ገለምሶ ቡና ወይም ስለ ጫቱ ማውራት ይቀል ነበር። እኔ ግን አንድ ሰው መረጥኩ፤ በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያምን። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በቲያትር ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የ«ፋቡላ» ደራሲ ተብለው። ይህችን ከተማ አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሯት እሳቸው መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ታሪካቸውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር መጥተው በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ ገና ብላቴና ሳሉ አድዋ ዘመቱ። ከዚያ ወደ ሩስያ ተላኩና የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ ኋላም አውሮፓ ውስጥ እርሻ አጠኑ። ሲመለሱ ዝም ብለው ደጅ የሚጠኑ ሰው አልሆኑም። በ1909 ዓ.ም. ልጅ እያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ድምፃቸው ጎልቶ ከተሰማው አንዱ ነበሩ። «ፋቡላ»ንም የጻፉት በአውሬ ተረት አሳበው የቤተ መንግሥቱንና የሹማምንቱን ብልሽት ለመንቀፍ ነው። ነገሩ የገባቸው ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት። እንግዲህ የመጀመሪያው ተውኔታችን ሲወለድም ሲታገድም አንድ ላይ ነው ማለት ነው!

ሰው ተናጋሪ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ አያስከብርም። ተክለሐዋርያት ጅጅጋን፣ ቀጥሎም በ1910ዎቹ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ የተናገሩትን በሥራ ለማሳየት ሞክረዋል። ጨርጨር የለውጥ መሞከሪያ፣ «ሞዴል» ግዛት ተባለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ገባሩ የሚከፍለው እንደ ሹሙ ሆድ ሳይሆን በታወቀ ልክ ይሁን፤ ሹሙም ከገበሬው ጎተራ ሳይሆን ከመንግሥት ደመወዝ ይብላ። ዛሬ ይህ የሚገርም አይደለም። በዚያ ዘመን ግን የብዙ ባለሥልጣን እንጀራ የሚነካ ነገር ነበር። ባቡሩ በሚኤሶ በኩል ማለፍ ከጀመረ በኋላ ደጋው ላይ ከተማ መቆርቆራቸውም ገበያውንና አስተዳደሩን አንድ ቦታ ለማገናኘት ነበር።

ከዚያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ፓርቲ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም፤ የነበረው «ጃፓንን እንከተል» የሚሉ የተማሩ ሰዎች ክበብ ነው። የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገው የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲታወጅም ለመኳንንቱ ቆመው ትርጉሙን ያስረዱ እሳቸው ነበሩ። 55 አንቀጾች አሉት። ንጉሡን የበላይ አድርጎ ያስቀመጠ፣ ሕዝቡም በቀጥታ እንደራሴ የማይመርጥበት ሕግ እንደነበር መካድ አይቻልም። ሆኖም የመጨረሻው አንቀጽ የመንግሥት ገንዘብ በዓመታዊ በጀት ብቻ ይውጣ ይላል። የገንዘብ ሚኒስትር እጅ እዚያ ላይ ይታያል።

ቀጥለው በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ። የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ የአገራቸውን አቤቱታ አቀረቡ። ማኅበሩ እንደማያድነን ሲገባቸው ወደ አገር ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ስደቱን ተቃወሙ። «ሆድ ይፍጀው» ማለት አልሆነላቸውም። የከፈሉት ዋጋም ቀላል አይደለም። ማዳጋስካር ድረስ ተሰደዱ፤ አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላም ከአሥር ዓመት በላይ በስደት ቆዩ። ሲመለሱ ወደ ሥልጣን አልሄዱም፤ እዚሁ ሂርና ወደ እርሻቸው ገቡ። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። የጻፉት የሕይወት ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ውዳሴ ይመስላል። ግን እዚህ ጭሮ ቆሞ ግማሹን ብቻ መናገር ነውር ነው። ይህ ምድር ሰው አልባ አልነበረም። ኢቱዎችና ሁምበናዎች በኦዳ ቡልቱም ዋርካ ሥር ሕግ ያወጡ ነበር፤ ዋርካውን ማየት የሚፈልግ ከበዴሳ ብዙ አይርቅም። የምኒልክ ጦር ከመጣ በኋላ ያ ሕግ ወደ ጎን ተገፋ፤ ገበሬው ገባር ሆነ። ተክለሐዋርያት ሸክሙን ሊያቀልሉ የሞከሩት ከዚያው ሥርዓት ውስጥ፣ በሹመት መጥተው ነው። ከተማዋም በተፈሪ ስም ተጠራች፤ ዛሬ ደግሞ ጭሮ ናት። ስሙ መለወጡ ቅር የሚለው አለ፤ ደስ የሚለውም አለ። ለኔ ሁለቱም ታሪክ ናቸው። ስም ስለተለወጠ የቆረቆረውን ሰው መርሳት የለብንም፤ ሰውየው ትልቅ ስለሆኑም ከእሳቸው በፊት የነበረውን ሕዝብ መርሳት የለብንም።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችን የቢሮ ኃላፊ፣ ዳኛ፣ መምህር፣ ነጋዴ የሆነ ብዙ ነው። ስብሰባ ላይ ዝም ብለን ወጥተን ቡና ላይ የምናማው ነገር ስንት ነው? የኚህ ሰው ሕይወት የሚነግረን ሐሜት ጀግንነት አለመሆኑን ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጀት የማያነብ ሰው ስለ በጀት ቢጮህ ማን ይሰማዋል?

አንድ ጥያቄ ላቅርብና ላብቃ። በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችና እናቶች ዛሬም አሉ፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። የታሪክና የአፋን ኦሮሞ መምህራኖቻችን ተማሪዎቻቸውን መቅረጸ ድምፅ አስይዘው ቢልኩ፣ ማኅበራችንም የመኪናውንና የአበሉን ወጪ ቢሸፍን፣ ገባሩ ስለ ሹሙ ምን ይል እንደነበር ከራሱ ቤት እንሰማለን። የሹሙን ቃል መጽሐፉ አቆይቶልናል፤ የገበሬው ግን ገና አልተጻፈም።