ከዋሽንግተን እስከ ወረኢሉ፤ ስለ አየር ርቀትና ስለ ጉዞ ጊዜ

(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው፤ መንገደኛው ግን የሚቆጥረው ሰዓቱን ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሻው እነዚህ ሁለት መለኪያዎች የሚለያዩበትን ምክንያት ነው።

በሉል ላይ ክር ወጥረን ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ብንለካ፣ ርቀቱ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን በ13 ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለ ማረፍ ሲበር፣ ወደዚያ ሲሄድ ግን ነዳጅ ለመሙላት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች ሲያርፍ ቆይቷል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይሻል፤ የሞተሩም ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ከጭነቱ ወይም ከነዳጁ መቀነስ ግድ ይሆናል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይርቅም። ሁለተኛ፣ በከፍተኛው አየር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ወደ እኛ የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚሄደውን ይመክታል።

አሁን ወደ ወረኢሉ እንለፍ። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ጦር እንዲከት ያዘዙት በዚህ ስፍራ ነበር። ከቦሌ በቀጥታ ቢለካ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዋሽንግተኑ ርቀት አንድ ስድሳኛ መሆኑ ነው። ነገር ግን በመካከሉ የወንጭት ሸለቆ አለ። በጣርማ በር ወርዶ፣ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ለሚዞር ሰው መንገዱ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆንበታል፤ ሙሉ ቀንም ይፈጅበታል። ከወረኢሉ በስተምዕራብ ያለችው መካነ ሰላም በዓለም አየር ማረፊያዎች መዝገብ «ኤም ኬ ኤስ» የሚል ምልክት አላት፤ ምልክት ብቻውን ግን መንገደኛ አያደርስም።

በአገራችን ልማድ ቀብር አይዘገይም። ባሕር ማዶ ሆኖ መርዶ የሰማ ልጅ ውቅያኖሱን በአንድ ሌሊት ይሻገራል፤ ከቀብር ወደ ሠልስት የሚገፋው የመጨረሻው አንድ ስድሳኛ ነው። በምጥ ተይዛ ወደ ደሴ ሆስፒታል ለምትሄድ እናት ደግሞ ከወረኢሉ ያለው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የመንገድም ሆነ የአየር ማረፊያ ጥናት ስናቀርብ፣ ከርዝመቱና ከወጪው ጎን ከቤት እስከ ቤት የሚወስደውን ጊዜ፣ የበጋውንና የክረምቱን ለይተን እናስፍር። የቦሌን ከፍታ ልንቀንሰው፣ ነፋሱንም ልናስቆመው አንችልም። ድልድይ መሥራት፣ አቋራጭ መቅደድ፣ ለአነስተኛ አውሮፕላን የሚሆን ሜዳ ማደላደልና በእንክብካቤ ማቆየት ግን የሙያችን ሥራ ነው።