ካሣ ተፈርዶልሻል የሚል ደብዳቤ



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ከጉዛራ ግንብ አጠገብ የምትገኘው እንፍራንዝ የብዙዎቻችሁ ዘመድ የሚኖርባት አገር ናት። ከዚያ የመጡ አጎታችሁ በቢሯችሁ ደጅ ቆመው «ልጄ፣ አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ፤ ይህን አንብብልኝ» ቢሏችሁ ምን ትመልሱላቸዋላችሁ? እንበልና ሴት ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ደመወዟን ሳትቀበል ተመልሳለች። አሁን በእጅ ስልኳ ኢሜይል ደርሷታል። «ፍርድ ቤት 18,000 ዶላር ካሣ ፈርዶልሻል፤ ገንዘቡ እንዲለቀቅ 400 ዶላር የማስፈጸሚያ ክፍያ በ3 ቀን ውስጥ ላኪ፤ ነገሩንም ለማንም አትንገሪ» ይላል። አጎታችሁም በሬ ሊሸጡ ቆርጠዋል።

ይህን የሚያምን ሞኝ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። በ2012 ዓ.ም. ሊባኖስ በገንዘብ ቀውስ ስትናወጥ፣ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ በቤይሩት ከቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው እንደ ሄዱ ዓለም አይቷል። የልጅቱ ገንዘብ በእርግጥ ተበልቷል፤ ስለዚህ አታላዩ የሚዘራው በታረሰ መሬት ላይ ነው። የተበደለ ሰው ፍርድ ይጠብቃልና።

እውነተኛ ካሣ እንዴት እንደሚከፈል ያየ ሰው ግን ሐሰተኛውን ለመለየት ብዙ አይቸገርም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎች ማለቃቸውን ታስታውሳላችሁ። የአውሮፕላኑ ሠሪ ቦይንግ በዚህና ከዚያ አስቀድሞ በኢንዶኔዢያ በደረሰው አደጋ ለሞቱት 346 ሰዎች ቤተሰቦች በዚያው ዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ። አከፋፋዩ ኬኔት ፋይንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 144,500 ዶላር ተመደበ። ቤተሰቡ የሚጠየቀው የዝምድና ማስረጃ ነበር እንጂ ገንዘብ አልነበረም፤ ድርሻውን የተቀበለውም ቦይንግን የመክሰስ መብቱን አላጣም። ጠበቃ በሚገባበት ጉዳይም ቢሆን፣ በአሜሪካ እንዲህ ባለው ክስ ጠበቃው አብዛኛውን ጊዜ ድርሻውን የሚያነሣው ካሣው ከተገኘ በኋላ ነው።

እንግዲህ የአጎታችሁን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ልጅቱ ለማንም ውክልና አልሰጠችም፤ ታዲያ በስሟ የከሰሰው ማን ነው? ተከሳሹስ? የችሎቱ ስምና የመዝገቡ ቁጥር የት አለ? ቁጥር ተጽፎ ቢገኝ እንኳ በዚያው ደብዳቤ ላይ በሰፈረው ስልክ አትጠይቁ፤ የፍርድ ቤቱን አድራሻ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ጠይቁ። ከላኪው ስም ይልቅ አድራሻውን ተመልከቱ። የእኛ መሥሪያ ቤቶች የኢሜይል አድራሻ በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» እንደሚያበቃ ታውቃላችሁ፤ ፍርድ ቤት ነኝ እያለ ማንም በነጻ ከሚያወጣው ከጂሜይል የሚጽፍ ሰው ይጠርጠር። ቀድሞ አታላይ በሰዋስው ስሕተቱ ይያዝ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደብዳቤውን አቃንቶ ስለሚጽፍለት፣ ያማረ እንግሊዝኛ ምንም አያስረዳም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማኅተም ቢኖርበትም አትደንግጡ፤ ድርጅቱ ራሱ በኢንተርኔት ለተታለሉ ሰዎች ካሣ እንደማይሰጥ አስታውቋል።

400 ዶላሩ ከተላከ በኋላ ደግሞ «የቀረጥ» ተብሎ ሌላ ይጠየቃል፤ ቀጥሎም የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይፈለጋል። በተላከው ገንዘብ የተቆጨ ሰው እሱን ለማስመለስ ሲል ሌላ ይጨምራል። አታላዩም የሚተማመነው በዚህ ነው።

አጎታችሁን «ውሸት ነው» ብላችሁ ብቻ አትሸኟቸው። እንዲህ ያለው ማታለል በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ልጅቱ መልስ ሳትሰጥ ደብዳቤውን ለፖሊስ ማስረጃ እንድታቆየው ንገሯቸው። ቀጥሎ ስለ እውነተኛው ዕዳ ጠይቋቸው፦ የሥራ ውል አላት ወይ? የአሠሪዋን ስምና የሠራችበትን ጊዜ ታስታውሳለች ወይ? ደመወዟ ተመልሶ ይገኛል ብሎ ተስፋ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚቀርብ አቤቱታ መጻፍ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅበት የለም፤ እሳቸው ገና በቢሯችሁ ተቀምጠው ሳሉ ጻፉላቸው።