ከካማኩራ ባሕር ዳር የተማርነው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ጃፓን ፈጣን ባቡርና ስለ ፋብሪካዎቿ እንድንነግራችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኛም አምስታችን ባለፈው ክረምት ወደዚያ ስንሄድ ልባችን የነበረው በዚሁ ነገር ላይ ነው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ተምረን የመጣነው የአበባ አቀማመጥን ስለሆነ፣ እውነቱን መናገር ይሻላል ብለን ቈረጥን። ስሟ አዲስ አበባ በሆነ ከተማ ተወልደን አበባ ማየትን ለመማር ባሕር መሻገራችን ቢያስቃችሁ አንቀየምም።

ያረፍንባት ከተማ ካማኩራ ትባላለች። ከቶኪዮ በስተደቡብ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል የምታስኬድ፣ በሦስት ወገን በኮረብታ የተከበበች፣ በአራተኛው ወገን ወደ ሳጋሚ ባሕረ ሰላጤ የተከፈተች ናት። በጥንት ዘመን የጦር አለቆች መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ ያም መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1333 ወደቀ። (ከዚህ በታች የምንጠራውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) የእኛ ክረምት ለእነርሱ የሙቀት ወራት ስለሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሰዉ ለመዋኘት ወደ ዩይጋሃማ አሸዋ ይጐርፋል።

በተሰጠን መርሐ ግብር ላይ በሳምንት ሁለት ቀን «ኢኬባና» የሚል ተጽፎ አገኘን። ትርጉሙ አበባን ሕያው አድርጎ ማኖር እንደ ማለት ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ወንዶች ልጆች «ይህስ የሴት ሥራ ነው» ብለው አጕረመረሙ። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ይህ ጥበብ የተወለደው ለቡድሃ አበባ ከማቅረብ ልማድ ነው። ኪዮቶ ውስጥ ሮካኩዶ በሚባለው መቅደስ የነበረው መነኵሴ ኢኬኖቦ ሴንኬይ ያሰናዳው አበባ የከተማውን ሰው እንዳስደነቀ በ1462 ተጽፎ ይገኛል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን መነኰሳትና የጦር ሰዎች ተምረውታል። ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ።

መምህርታችን ዕድሜያቸው የገፋ ወይዘሮ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳችን አንድ እቅፍ አበባ ሰጡን። እኛም ሳሕኑ በሞላ መጠን የሚያምር መስሎን ሁሉንም ጠቀጠቅነው። እርሳቸው ጐንበስ ብለው አመሰገኑና አንድ በአንድ ይነቅሉ ጀመር። በመጨረሻ ሦስት ብቻ ቀሩ። በጣም አፈርን። ጥቂት ቈይተን ግን፣ በጭፍግፉ ውስጥ ሳናየው የቀረነውን የአንዱን ቅርንጫፍ ጕብጠት አየን።

የተማርነው የሶጌትሱን ሥርዓት ነው፤ ይህን ትምህርት ቤት በ1927 የመሠረቱት ሶፉ ቴሺጋሃራ ናቸው። ረጅሙ ቅርንጫፍ ሺን ይባላል፤ ቁመቱም የሳሕኑ ስፋትና ጥልቀት ተደምሮ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ሁለተኛው ሶኤ፣ የሺን ሦስት አራተኛ ነው። ሦስተኛው ሂካኤ ደግሞ የሶኤ ሦስት አራተኛ ነው። በመጀመሪያው የትምህርት ዓይነት ሺን 15፣ ሶኤ 45፣ ሂካኤ 75 ዲግሪ ያዘነብላሉ። የሚተከሉትም ኬንዛን በሚባል፣ ሹል መርፌ በሞላበት ከባድ ብረት ላይ ነው። አየር ገብቶ የውኃውን መንገድ እንዳይዘጋው፣ ግንዱ የሚቈረጠው ውኃ ውስጥ ተነክሮ ነው። እንግዲህ የሒሳብ መምህራችን ደስ ይበላቸው፤ ክፍልፋይና ማዕዘን እስከ አበባ ድረስ ተከትለውናል!

መምህርታችን የቤት ሥራም ሰጡን። ይኸውም በየቀኑ በመንገድ አንድ የሚያምር ነገር አይቶ መጥቶ መናገር ነው፤ መግዛት የለም፣ ከሰው አጥር መቍረጥም የለም። በመጀመሪያ ቀን ከ11 ሜትር በላይ ስለሚረዝመው የቡድሃ የነሐስ ሐውልት ተናገርን፤ በማግሥቱም ከባሕሩ ማዶ ስለሚታየው ስለ ፉጂ ተራራ። እርሳቸውም «እነዚህን እንግዳ ሁሉ ያያቸዋል፤ እናንተ ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ» አሉን።

ዝቅ ብለን ተመለከትን። ዓሣ አጥማጆች እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ዓሦችን በወንፊት ላይ አስጥተው አየን። ትንሿ አረንጓዴ ባቡር በቤቶቹ ጓሮ መካከል ተሽሎክሉካ ድንገት ባሕሩ ፊት ስትወጣ አየን። ጭልፊት ከአንዳችን እጅ ዳቦውን ነጥቆ ሲሄድ እንኳ፣ ከቍጣችን በኋላ የክንፉን አዘቅዛቅ ማድነቅ ቻልን። ባሕሩ ሲሸሽ በ1232 የተሠራው የዋካኤጂማ ወደብ ድንጋይ ይገለጣል፤ በዚያም አካባቢ ከጥንት መርከቦች የቀረ የቻይና ሸክላ ስባሪ፣ ማዕበል አልስልሶት፣ በአሸዋው ላይ ይገኛል።

ሌላም ነገር አየን። በየመንገዱ ያ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚናገር ምልክት ተለጥፏል። በ1923 በታላቁ የምድር መናወጥ ጊዜ ባሕሩ ወደ ከተማይቱ ገብቶ ነበርና፣ ሕዝቡ አልረሳውም። አበባውም ቢሆን በጥቂት ቀን ይጠወልጋል። እነዚያ ሰዎች ዛሬን አተኵረው የሚያዩት ስለምን እንደሆነ በዚያ ምልክት ሥር ቆመን ገባን።

በነሐሴ አጋማሽ፣ እነርሱ በኦቦን በዓል ለሙታኖቻቸው አበባ በሚያኖሩበት ሳምንት፣ ከመካከላችን ለአንዱ ከአገር ቤት መርዶ መጣ። ያሳደጉት አያቱ ዐርፈው ነበር። በዚያ አገር ድንኳን የለ፣ እድርተኛ የለ፣ አብሮ የሚያለቅስ ጎረቤት የለ። እኛም ልጆች ነንና የምንለው ጠፋን። መምህርታችን አንድ ቃል ሳይናገሩ ሳሕኑንና መቀሱን ከፊቱ አኖሩለት። እርሱም ብዙ ቈይቶ አንድ የጥድ ቅርንጫፍና አንድ ነጭ አበባ ተከለ፤ የሦስተኛውን ቦታ ባዶ ተወው። የሁላችንን ሥራ ሁልጊዜ የሚያርሙት መምህርት የዚያን ቀን እጃቸውን አልዘረጉም።

ወደ አገራችን የተመለስነው ዘመን ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ቤት ስንገባ እናቶቻችን ቄጠማ ጐዝጕዘው፣ ሲኒውን በረከቦቱ ላይ ደርድረው፣ አደይ አበባ በብርጭቆ አኑረው ጠበቁን። ይህን ሁሉ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንረግጠው ኖረናል! የዚያን ቀን ግን ደጃፉ ላይ ቆምን። ያ ጓደኛችንም አንዲት የአደይ ዘንግ ወስዶ፣ አያቱ ይቀመጡበት ከነበረው ዱካ አጠገብ አኖራት።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ የለም። በየክፍላችን መስኮት ላይ አንድ ማሰሮ እንዲቀመጥ ፈቃዳችሁን ብቻ እንለምናለን፤ ተማሪዎች በተራ ከየመንገዳቸው አንድ ቅጠል ወይም አንድ የሣር ዘለላ ያመጡበታል። እናቶቻችን ሆይ፣ ሳናየው ለኖርነው ሁሉ ይቅርታ አድርጉልን።

 ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።