ዘሩን ከቀለቡ መለየት፤ የቪዲዮ መሸጎጫ ፋይሎች አያያዝ በጋራ ማከማቻ ላይ



ገበሬ መኸሩን ከሰበሰበ በኋላ እህሉን ሁሉ በአንድ ጎታ አይከትም። ለዘር የታሰበው ለብቻው፣ ለቀለብ የታሰበው ለብቻው ይቀመጣል። ይህም የሚሆነው ሁለቱ በመልክ ስለሚለያዩ አይደለም፤ ስንዴው ያው ስንዴ ነው። ነገር ግን ክረምት ገብቶ ቀለብ ሲሳሳ፣ በችኮላ የተዘረጋ እጅ የሚያወጣውን አይለይም። ቀለብ ቢያልቅ ተበድሮ ይታለፋል፤ ዘር ከተበላ ግን የሚመጣው ዓመት አብሮ ተበላ ማለት ነው።

በዛሬው የቪዲዮ ቅንብር ክፍል ውስጥም እንዲሁ ያለ ዘርና ቀለብ አለ። ዘሩ ከካሜራ የተገለበጠው የመጀመሪያው ቅጂ ነው። ቀለቡ ደግሞ የቅንብር ፕሮግራሙ ሥራውን ለማፋጠን እያለ በየጊዜው የሚፈጥራቸው፣ መሸጎጫ ወይም ካሽ የሚባሉት ፋይሎች ናቸው። ብዙ ኤዲተሮች በኔትወርክ አማካይነት አንድ ማከማቻ በጋራ በሚጠቀሙበት ስፍራ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሥራው ህልውና ጉዳይ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ መሸጎጫ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነና ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ማየት ያስፈልጋል። እንደ ፕሪሚየር ፕሮ ያለ ፕሮግራም አንድ ቪዲዮ በገባለት ጊዜ የፋይሉን ማውጫ ያዘጋጃል፤ የድምፁን ሞገድ ሥዕል ይሠራል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ድምፁን ለቅንብር ወደሚመች መልክ ለውጦ በሌላ ፋይል ያስቀምጣል። በሴኮንድ 48,000 ናሙና የሚወሰድበት፣ እያንዳንዱም ናሙና 4 ባይት የሚይዝ ባለ ሁለት መስመር ድምፅ በሰዓት ወደ 1.4 ጊጋባይት ይጠጋል። ይህ የድምፁ ብቻ ነው። ቀለሙ የተስተካከለውን ወይም ጽሑፍ የተደረበበትን ምስል አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ ሲጨመርበት መጠኑ እጅግ ይገዝፋል። በፕሮሬስ 422 መልክ፣ በ1920 በ1080 ስፋት፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም የተቀመጠ ምስል በሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። አምስት ኤዲተሮች እያንዳንዳቸው የሁለት ሰዓት ምስል በዚህ መልክ ቢያስቀምጡ፣ ማንም ልብ ሳይለው 550 ጊጋባይት ያህል ቦታ ተያዘ ማለት ነው።

የጋራው ማከማቻ ሰፊ ስለ ሆነ መሸጎጫውም እዚያው ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ በመጀመሪያ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ሆኖም ሦስት ችግሮችን ያስከትላል።

አንደኛው የመንገድ ጥበት ነው። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ የኔትወርክ መስመር፣ በስሌት እንኳ ቢሆን፣ ከ125 ሜጋባይት አያልፍም። ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ምስል አንዱ ብቻውን በሴኮንድ 15 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል፤ በሦስት ካሜራ የተነሣው ጎን ለጎን ሲታይ 45 ይደርሳል። መሸጎጫ ደግሞ እንደ ምስሉ በአንድ ወጥ ፍሰት የሚነበብ ሳይሆን፣ አብዛኛው ጥቃቅን ፋይል ሆኖ በየቅጽበቱ የሚጻፍና የሚነበብ ስለ ሆነ፣ ማከማቻውን ፋታ ይነሣዋል። ከዚህ የተነሣ አንዱ ኤዲተር ትልቅ ፕሮጀክት ሲከፍት የሌላው ምስል ይቆራረጣል፤ ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ ሳይመረመርም ሁሉም ኔትወርኩን ይወቅሳል።

ሁለተኛው የመዝገብ መደበላለቅ ነው። ፕሮግራሙ መሸጎጫዎቹ የት የት እንዳሉ የሚያውቅበት የራሱ መዝገብ አለው። በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ የጻፉበት እንደ ሆነ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ያው ማከማቻ በአንዱ ኮምፒዩተር በአንድ ስም፣ በሌላው በሌላ ስም የሚታይ ከሆነም፣ የተሠራው መሸጎጫ እያለ እንደሌለ ተቆጥሮ በድጋሚ ይሠራ ይሆናል። የአቪድ ሚዲያ ኮምፖዘር አሠራር በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። በጋራ ማከማቻ ላይ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የሚጽፈው በራሱ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ያነቡታል እንጂ አይጽፉበትም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የዘሩና የቀለቡ መቀላቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፕሪሚየር ፕሮ 11.1.0 ዕትም የመሸጎጫን ጽዳት የሚመለከት አዲስ አሠራር ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ ለመሸጎጫው የተመረጠው ፎልደር ሌሎች ፋይሎችም ያሉበት በሆነ ጊዜ፣ ጽዳቱ መሸጎጫውን ብቻ ሳይሆን እነዚያንም የሚጠርግበት ሁኔታ ተፈጠረ። አዶቢ በዚያው ዓመት ባወጣው 11.1.1 ዕትም ስሕተቱን አርሞ፣ ጽዳቱ በመሸጎጫው ንዑስ ፎልደሮች ብቻ እንዲወሰን አደረገ፤ ተጠቃሚዎችም መሸጎጫውን ከዋናው ቅጂ ለይተው እንዲያስቀምጡ መከረ። በ2018 አንድ በግሉ የሚሠራ የቪዲዮ ባለሙያ በአሜሪካ ክስ አቀረበ። እንደ ክሱ አባባል፣ መሸጎጫውን ያዞረው ቪዲዮዎቹ ወደሚገኙበት ዲስክ ነበር፤ የጠፉበትን ቅጂዎች ለማንሣትም 250,000 ዶላር ያህል ወጥቶባቸዋል።

ይህ የደረሰው በአንድ ሰው ዲስክ ላይ ነው። ያው ዓይነት አቀማመጥ በጋራ ማከማቻ ላይ ቢገኝ ኖሮ፣ አንዱ ኤዲተር የሚጫነው ቁልፍ የአምስቱንም ሥራ በጠረገ ነበር። ስሕተቱ ታርሟል፤ ትምህርቱ ግን አልተሻረም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው፣ የእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የግል መሸጎጫ በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ባለ ፈጣን ኤስ ኤስ ዲ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የፕሮግራሙን ነባር ምርጫ ማመን አይገባም። ለምሳሌ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሌላ ቦታ ካልተነገረው በቀር መሸጎጫውን የሚያኖረው በማከማቻዎች ዝርዝር ውስጥ በመጀመሪያ ተራ በተጻፈው ላይ ነው። በመጀመሪያ የተጻፈው የጋራው ማከማቻ ከሆነ፣ ማንም ሳያዝዝ ሁሉም ወደዚያው ይፈስሳል።

ሁለተኛው፣ ለሁሉም ኤዲተሮች የሚያገለግሉትን፣ እንደ ፕሮክሲ ያሉትን ቀለል ያሉ ቅጂዎች፣ በጋራው ማከማቻ ላይ የራሳቸው ክፍልና የመጠን ገደብ ሰጥቶ መለየት ነው። ገደቡ ሲሞላ ሥራ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ከካሜራ የሚገለበጠው ቅጂ ቦታ አያጣም።

ሦስተኛው፣ ይህን ክፍል ከመጠባበቂያ ቅጂና ስናፕሾት ከሚባለው የየጊዜው ምስክር ቅጂ ነጻ ማድረግ ነው። ስናፕሾት በሚያዝበት ማከማቻ ላይ የተሰረዘ ፋይል ቦታውን ወዲያው አይለቅቅም፤ ስናፕሾቱ እስኪያልፍ ድረስ ይዞት ይቆያል። ብዙ ፋይል ሰርዞ ባዶ ቦታ ያላገኘ ሰው ተደናግጦ ሌላ ፎልደር ወደ መሰረዝ የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው።

አራተኛው፣ ጽዳቱን በኃላፊነት የሚይዝ አንድ ሰው መሰየም ነው። ጽዳት የሚከናወነው ፕሮግራሞቹ ሁሉ ከተዘጉ በኋላ፣ በታወቀ ቀን ነው። በሥርጭት ዋዜማ መሸጎጫ መሰረዝም አይገባም፤ ፕሮጀክቱ በማግሥቱ ሲከፈት ሁሉን እንደ አዲስ ለመሥራት ሰዓታት ሊወስድ ይችላልና።

ለጽዳቱ ኃላፊ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል፤ ይኸውም «ይህ ፋይል ቢጠፋ ከምን ተመልሶ ይሠራል?» የሚለው ነው። መልሱ በቃል የሚነገር ሳይሆን በዓይን ታይቶ የሚረጋገጥ መሆን አለበት። ቀለብ ዘር የሚሆንበት ጊዜ አለና። የካሜራው ቅጂ ቀድሞ ጠፍቶ ከሆነ፣ እንደ ቀለብ የተቈጠረው ደብዛዛ ፕሮክሲ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አዛውንት ቃል የሚሰማበት ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል።

ማከማቻ የሚሞላው ሥራ በሚበዛበት ቀን ነው። ሥርጭቱ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሃምሳ ጊጋባይት የተቸገረ ኤዲተር ፎልደሮችን አንድ በአንድ ለመመርመር ጊዜ የለውም። ጎታው አስቀድሞ ተለይቶ ከሆነ እጁን ያለ ስጋት ይዘረጋል፤ ዘሩም በሌላው ጎታ እንደ ተከደነ ይቆያል።